የፍሬድሪክ ዳግላስ ታሪክ፤ ማንበብ የተከለከለው ልጅ

በሰሜን አሜሪካ፥ ሜሪላንድ በሚባል ክፍለ ሀገር፥ በ1818 ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ከባርያ እናት አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። በዚህ ታሪክ የተጻፈው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። የልጁ ስም ፍሬድሪክ ቤይሊ ተባለ፤ ዳግላስ የተባለው ኋላ ነው፥ ይህንም በስፍራው እንናገራለን። የባሮች ልጆች የልደታቸውን ቀን አያውቁም ነበረ፤ ጊዜውን የሚቈጥሩት በዘርና በመከር ነበረ። ፍሬድሪክም ካረጀ በኋላ እንኳ ዕድሜውን ሲጠይቁት በግምት ይናገር ነበረ።

አባቱ ነጭ ሰው እንደ ነበረ ሰማ፤ እንዲያውም ጌታው ራሱ ነው እየተባለ ይወራ ነበረ። ነገር ግን የዚያ አገር ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ እንዲከተል ያዝዝ ነበርና፥ አባቱ ጌታ ቢሆን እንኳ እናቱ ባርያ ከሆነች ልጁ ባርያ ነው። እናቱ ሐሪየት ዐሥራ ሁለት ማይል ያህል ርቃ በሌላ እርሻ ታገለግል ነበረ። ቀን ስትሠራ ውላ ሌሊት በእግርዋ መጥታ ልጅዋን አቅፋ ታስተኛው ነበረ፤ ጎሕ ሳይቀድም ደግሞ ትመለሳለች፥ ፀሐይ ስትወጣ በእርሻው ላይ ያልተገኘች ባርያ ትገረፋለችና። ፍሬድሪክ እናቱን በሕይወቱ ያያት ከአራት ወይም ከአምስት ጊዜ አይበልጥም። እርሱ ሰባት ዓመት ያህል ሲሆነው ሞተች።

ያሳደገችው አያቱ ቤትሲ ነበረች። ስድስት ዓመት በሆነው ጊዜ ጌታው ልጁን እንድታመጣ አዘዛት። እርስዋም እጁን ይዛ፥ ሲደክመውም በትከሻዋ ተሸክማ ረጅም መንገድ ወሰደችው። ከትልቁ ቤት በደረሱ ጊዜ ሄዶ ከልጆቹ ጋራ እንዲጫወት ነገረችው። ጥቂት ቈይቶ አንድ ልጅ እየሮጠ መጥቶ አያቱ እንደ ሄደች አረዳው። ፍሬድሪክ በመሬት ላይ ወድቆ አለቀሰ። ያች አሮጊት ልጁን ጠልታ አልተወችውም፤ የመለያየቱን ለቅሶ ለማየት አቅም ስላጣች ነው እንጂ።

በዚያ ቤት የባሮች ልጆች ጫማም ሱሪም አልነበራቸውም፤ ልብሳቸው እስከ ጕልበት የሚደርስ ሻካራ እጀ ጠባብ ብቻ ነበረ። የበቆሎ ገንፎ በእንጨት ገንዳ ተደርጎ በመሬት ላይ ይቀመጥላቸውና፥ ማንኪያ ስለሌላቸው በባሕር ቅርፊት እየዛቁ ይሻሙ ነበረ። በብርድ ወራት ፍሬድሪክ የእህል ጆንያ ውስጥ ራሱን አግብቶ ይተኛ ነበረ፤ እግሩ ግን ከውጭ ስለሚቀር በውርጭ ተሰነጣጠቀ።

በ1826 ዓመት ባልቲሞር ወደምትባል የወደብ ከተማ ላኩት፤ ሥራውም ሂዩ ኦልድ የሚባለውን ሰው ትንሽ ልጅ መጠበቅ ነበረ። የሂዩ ሚስት ሶፍያ ከዚያ በፊት ባርያ በቤትዋ ኖሮ የማያውቅ ደግ ሴት ነበረች። መጽሐፍ ቅዱስን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታነብ ፍሬድሪክ ሰምቶ፥ እርሱንም ማንበብ እንድታስተምረው ለመናት። እርስዋም ሳትቀየም የእንግሊዝን ፊደል አስቈጠረችው፤ ሦስትና አራት ፊደል ያላቸውንም ቃላት መግጠም አሳየችው። ልጁ ፈጥኖ ስለ ተማረ ደስ ብሏት ለባልዋ ነገረችው።

ባልዋ ግን ተቈጣ። ባርያን ማስተማር ከሕግ ውጭና አደገኛ እንደ ሆነ፥ ማንበብን ያወቀ ባርያም ዳግመኛ ለጌታው እንደማይመች፥ ራሱም ደስታ እንደማያገኝ ገለጸላት። ይህን ሁሉ ሲናገር ፍሬድሪክ በዚያው ቆሞ ይሰማ ነበረ። በእውነትም በብዙ የደቡብ ክፍላተ ሀገር ባርያን ማንበብ የሚያስተምር ሰው እንዲቀጣ የሚያዝዝ ሕግ ነበረ። ሂዩ ኦልድ ሚስቱን የገሠጸ መስሎት ልጁን አስተማረው። ፍሬድሪክ ነጭ ሰው ጥቍሩን ሰው የሚገዛበት ኀይል ወዴት እንዳለ በዚያ ሰዓት ተረዳ፤ ጌታው ይህን ያህል የፈራውን ነገር እርሱ ይህን ያህል ሊወደው ቈረጠ።

እመቤቲቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለወጠች። ጋዜጣ ይዞ ባገኘችው ጊዜ ከእጁ ትነጥቀው ነበረ። እናንተ ፊደል የምትቈጥሩ ልጆች፥ መምህር ሲጠራችሁ አንዳንድ ጊዜ እንደምትሸሸጉ አውቃለሁ፤ ይህ ልጅ ግን ለመማር ተሸሸገ። ወደ ገበያ ሲልኩት መጽሐፉንና ቍራሽ ዳቦ በኪሱ ይይዛል። በጌታው ቤት ዳቦ አይታጣም ነበረ፤ በመንገድ ላይ የሚጫወቱት የድኻ ነጮች ልጆች ግን ይርባቸው ነበረ። ለእነርሱ ዳቦ ይሰጣል፥ እነርሱም ያልገባውን ቃል ያነቡለታል። ኋላ የሕይወቱን ታሪክ በጻፈ ጊዜ የእነዚያን ልጆች ስም ለመጻፍ ወደደ፤ ነገር ግን ባርያን በማስተማራቸው ሰው እንዳይነቅፋቸው ብሎ ተወው።

መጻፍንም እንዲሁ በብልኀት ተማረ። በመርከብ መሥሪያው ስፍራ አናጢዎች ሳንቃውን ጠርበው በመርከቡ በየትኛው ወገን እንደሚገባ በፊደል ምልክት ያደርጉበት ነበረ። እርሱም አራት ፊደል ከዚያ ለቀመ። ከዚያም በመንገድ ላይ ላገኘው ልጅ ሁሉ ከእርሱ ይልቅ አሳምሮ እንደሚጽፍ እየነገረ ያናድደዋል፤ ልጁም ለመብለጥ ሲል የሚያውቀውን ፊደል ሁሉ ይጽፍለታል። ደብተሩ አጥርና ግንብ ነበረ፥ ብዕሩም ኖራ።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሲሆነው በሃምሳ ሳንቲም አንድ መጽሐፍ ገዛ። በውስጡ አንድ ባርያ ከጌታው ጋራ ስለ ባርነት ሲከራከር፥ በመጨረሻም ጌታው ተረትቶ አርነት ሲያወጣው የሚናገር ምዕራፍ ነበረ። ፍሬድሪክ ይህን ደጋግሞ አነበበ። ነገር ግን ሂዩ ኦልድ የተናገረው አንድ ነገር እውነት ሆነ፤ ማንበብ ኀዘን አመጣበት። ዐይኑ ተገልጦ ጕድጓዱን አየ፥ የሚወጣበትን መሰላል ግን አላገኘም። አንዳንድ ጊዜም ምንም የማያስቡትን ባሮች ይመኛቸው ነበረ። ይህን የምጽፈው ዕውቀት ሁልጊዜ ጣፋጭ ነው ብዬ ላታልላችሁ ስለማልወድ ነው።

ከባልቲሞር በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ እንለፈው። ወደ እርሻ አገር መልሰው ወሰዱት፤ በ1834 ዓመትም እልከኛ ባሮችን በመስበር ለታወቀ ኮቪ ለሚባል ሰው አከራዩት። ያ ሰው ስድስት ወር ገረፈው። በመጨረሻ ፍሬድሪክ እጁን አንሥቶ ተከላከለ፤ ረጅም ጊዜም ታገሉ፥ ኮቪም ከዚያ ቀን በኋላ ዳግመኛ አልመታውም። በሚከተለው ዓመት ለሌላ ሰው ሲያገለግል በየእሑዱ ከአርባ ለሚበልጡ ባሮች በሥውር ማንበብን አስተማረ። በ1838 ዓመት በሴፕቴምበር 3 ቀን የመርከበኛ ልብስ ለብሶ፥ የሌላ ነጻ ጥቍር መርከበኛ ወረቀት ተውሶ በባቡር ሸሸ። በወረቀቱ የተጻፈው መልክ የእርሱን አይመስልም ነበረ፤ የባቡሩ ሹም ግን ወረቀቱን አየት አድርጎ አለፈው። ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላ ኒው ዮርክ ገባ። ወደደችው ወደ አና ሙሬይ ላከባት፥ መጥታም በዚያው ወር ተጋቡ። ወደ ኒው ቤድፎርድ ከተማ ሄደው ተቀመጡ፤ አሳዳጆች እንዳያውቁትም ስሙን ለወጠ፤ የተቀበላቸው ሰው ከአንድ የግጥም መጽሐፍ ዳግላስ የሚለውን ስም መርጦ ሰጠው።

በሰሜን በኩል ባርነት አልነበረም። ነገር ግን ነጻ መሆንና እኵል መሆን አንድ እንዳልሆኑ ዳግላስ ቶሎ አየ። በ1841 ዓመት የባቡር ዋጋውን ከፍሎ ገብቶ ሳለ፥ ጥቍር ስለ ሆነ ወደ ሌላ ሠረገላ እንዲሄድ አዘዙት። አልሄድም ባለ ጊዜ ብዙ ሰዎች ሊያወጡት ያዙት። እርሱም የተቀመጠበትን ወንበር አጥብቆ ይዞ ስለ ነበረ ከነወንበሩ ነቅለው አወጡት። ኋላም ልጁ ሮዜታ በሮቸስተር ከተማ ትምህርት ቤት በገባች ጊዜ ለብቻዋ በአንድ ክፍል አስቀመጧት። አባትዋ በተቃወመ ጊዜ አስተማሪዪቱ ተማሪዎቹን ጠየቀቻቸው፤ ልጆቹም ከእነርሱ ጋራ እንድትቀመጥ ፈቀዱ፤ ከወላጆች መካከል ግን አንድ ሰው ስለ ተቃወመ ከትምህርት ቤቱ ወጣች።

በ1841 ዓመት ባርነትን የሚቃወም ማኅበር ዳግላስን ተናጋሪ አደረገው። አንደበቱ እጅግ ያማረ ስለ ሆነ ብዙ ሰዎች ባርያ ነበረ ብሎ ማመን አቃታቸው። ስለዚህ በ1845 ዓመት የጌታውንና የስፍራውን ስም ገልጦ የሕይወቱን ታሪክ አሳተመ። ይህ ታላቅ ድፍረት ነበረ፤ ጌታው የት እንዳለ ዐውቆ ሊያስይዘው ይችል ነበርና። ወደ አየርላንድና ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ሁለት ዓመት ያህል ቈየ፤ በ1846 ዓመት በዚያ ያሉ ወዳጆቹ 150 ፓውንድ ስተርሊንግ ከፍለው የአርነቱን ወረቀት አወጡለት። ሲመለስም በሮቸስተር ሰሜን ኮከብ የሚባል ጋዜጣ አቋቋመ። ስሙን የሰጠው ከደቡብ የሚሸሹ ባሮች በሌሊት ያን ኮከብ አይተው ስለሚጓዙ ነው።

አሁን ወደ ታላቁ ነገር እንመጣለን። አሜሪካኖች በ1787 ዓመት የጻፉት ሕገ መንግሥት አላቸው፤ ይህም ሌሎች ሕጎች ሁሉ የሚታዘዙለት ሕግ ነው። በ1791 ዓመት ዐሥር ተጨማሪ አንቀጾች ገቡበት። በእነዚህ አንቀጾች መንግሥት የሰውን ሃይማኖት፥ ንግግሩን፥ የሚያሳትመውን ጋዜጣ፥ በሰላም መሰብሰቡንና አቤቱታውን እንዳይከለክል ታዘዘ፤ ማንም ሰው በሕግ ሥርዓት ካልሆነ በቀር ሕይወቱን፥ ነጻነቱንና ገንዘቡን እንዳይነጠቅ ተጻፈ። ነገር ግን ይኸው ሕግ የእንደራሴዎችን ቍጥር ሲወስን አምስቱ ባሮች እንደ ሦስት ሰው እንዲታሰቡ ያዝዝ ነበረ፤ የሸሸም አገልጋይ ለጌታው እንዲመለስ ያዝዝ ነበረ። ጻፎቹ ግን ባርያ የሚለውን ቃል በአንድ ስፍራ እንኳ አላገቡም።

ለዳግላስ እንደ መምህር የሆነው ዊሊያም ሎይድ ጋሪሰን ይህ ሕግ ከባርነት ጋራ የተደረገ ውል ነው ብሎ ያምን ነበረ፤ በ1854 ዓመትም በሕዝብ ፊት አቃጠለው። ዳግላስም አስቀድሞ እንደ ጋሪሰን ያስብ ነበረ። ኋላ ግን ሕጉን ቃል በቃል፥ እኛ መጽሐፍ በምንመረምርበት ዐይነት መረመረው፤ ሌሎችም የጻፉትን አነበበ። በ1851 ዓመት ሐሳቡን መለወጡን በግልጥ ተናገረ። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ሕጉ ሕዝብ ይላል እንጂ ነጭ ሕዝብ አይልም፤ ማንም ሰው ይላል፥ ባርያም ሰው ነው። የጻፎቹ አሳብ ምንም ቢሆን፥ የጻፉት ቃል ግን ለባሮች ጠበቃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነገር ከጋሪሰን ጋራ ተጣሉ፥ ወዳጅነታቸውም እንደ ቀድሞው አልሆነም። ከሁለቱ ማን እንዳሸነፈ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ለእኔ ግን፥ በዳቦ ፊደል የገዛ ሰው የተጻፈውን ወረቀት ከማቃጠል ይልቅ ማንበብን መምረጡ አያስደንቀኝም።

በ1857 ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድሬድ ስኮት በሚባል ባርያ ክርክር ላይ ፈረደ። የዳኞቹ አለቃ ሮጀር ቴኒ ከአፍሪካ የመጡ ባሮችና ዘሮቻቸው የአሜሪካ ዜጎች ሊሆኑ እንደማይችሉ ጻፈ። ከዘጠኙ ዳኞች ሰባቱ ተስማሙ። ብዙዎች ተስፋ ቈረጡ፤ ዳግላስ ግን ይህ ፍርድ ሕዝቡን ያነቃል ብሎ ተናገረ።

በ1861 ዓመት በሰሜንና በደቡብ መካከል ጦርነት ተነሣ። ዳግላስ ጥቍሮች በሠራዊቱ እንዲገቡ አጥብቆ ለመነ፤ ከልጆቹም ሁለቱን ላከ። ነገር ግን ነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲቀበል ጥቍሩ ለልብስ ተቀንሶበት 7 ዶላር ብቻ ያገኝ ነበረ። በ1863 ዓመት ዳግላስ ሳይጠራ ወደ ፕሬዚዳንት ሊንከን ቤት ሄዶ ስለዚህ በደል ተናገረ። ሊንከን በክብር ተቀበለው፤ ደመወዙ ግን ወዲያው አልተስተካከለም፥ ምክር ቤቱ ያስተካከለው በ1864 ዓመት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሕገ መንግሥቱ ሦስት አንቀጾች ተጨመሩለት። በ1865 ዓመት ባርነት ተሻረ። በ1868 ዓመት በአሜሪካ የተወለደና ለሕግዋ የሚገዛ ሁሉ ዜጋ ሆነ፥ ክፍለ ሀገርም ለማንም ሰው የሕግን እኵል ጥበቃ እንዳይነፍግ ታዘዘ። በ1870 ዓመት በዘር ወይም በቀለም ወይም ቀድሞ ባርያ በመሆኑ ማንም ከመምረጥ እንዳይከለከል ተጻፈ። ሴቶች ግን በዚህ አልታሰቡም። ዳግላስ በ1848 ዓመት በሴኔካ ፎልስ ስብሰባ ሴቶች ይምረጡ ብሎ የቆመላቸው ሰው ነበረ፤ አሁን ግን የጥቍሮቹ ወንዶች መብት ይቅደም በማለቱ ከእነዚያ ወይዛዝርት ጋራ ተቈራረጠ። እነርሱ በአገሪቱ ሁሉ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1920 ዓመት ነው።

በ1875 ዓመት ምክር ቤቱ በባቡር፥ በእንግዳ ማረፊያና በቴያትር ቤት ሰው በቀለሙ እንዳይከለከል ሕግ አወጣ። ከወንበሩ ጋራ የተነቀለው ሰው ምን ያህል ደስ እንዳለው ልታስቡ ትችላላችሁ። በ1883 ዓመት ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን አፈረሰው፤ አንቀጹ የሚከለክለው የመንግሥትን በደል ነው እንጂ የግል ሰውን አይደለም ብሎ። ስምንቱ ዳኞች ሲስማሙ ጆን ሃርላን የሚባለው ብቻውን ተቃወመ። ይህ ዳኛ ቀድሞ ራሱ ባሮች የነበሩት ሰው ነው። ሚስቱ እንደ ጻፈችው፥ ተቃውሞውን ሲጽፍ አሳቡ ተቋጥሮበት ሳለ፥ ዳኛ ቴኒ የድሬድ ስኮትን ፍርድ የጻፈበትን የቀለም ቢልቃጥ ከተቀመጠበት አውጥታ በጠረጴዛው ላይ አኖረችለት፤ ከዚያም በኋላ ብዕሩ ሮጠ። ዳግላስም በዋሽንግተን ሕዝብ በተሰበሰበበት ስለ ፍርዱ በታላቅ ኀዘን ተናገረ። ምክር ቤቱ እንዲህ ያለውን ሕግ ዳግመኛ ያወጣው በ1964 ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ በክፍላተ ሀገር መካከል ያለውን ንግድ ለማዘዝ ባለው ሥልጣን ስለ መሠረተው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናው።

በ1890 ዓመትም የሚሲሲፒ ሰዎች አዲስ ሕግ ጻፉ፤ መምረጥ የሚፈልግ ሰው የክፍለ ሀገሩን ሕገ መንግሥት ያንብብ፥ ወይም ሲነበብለት መረዳቱን ያሳይ የሚል። ፈታኞቹ ነጮች ስለ ነበሩ ነጩን ያሳልፉ፥ ጥቍሩን ይጥሉ ነበረ። አባቶች እንዳያነቡ ተከለከሉ፥ ልጆቻቸውም ባለማንበባቸው ተከለከሉ። እንዲህ ያለው ፈተና በ1965 ዓመት በወጣው የመምረጥ ሕግና ከዚያ በኋላ በተጨመሩለት ሕጎች ቀረ።

ዳግላስ በእርጅናው ዘመን በዋሽንግተን ታላላቅ ሹመቶች ተቀበለ፤ ከ1889 እስከ 1891 ዓመትም በሃይቲ የአሜሪካ መልእክተኛ ሆነ። መኖሪያው ከተማውን በሚያሳይ ኮረብታ ላይ ነበረ፥ ቤቱም መጻሕፍት የሞሉበት ነበረ። በ1895 ዓመት በፌብሩዋሪ 20 ቀን በሴቶች መብት ጉባኤ ላይ ዋለ፤ የቀድሞው ጠብ አልፎ ወይዛዝርቱ በክብር ተቀብለውት ነበረ። በማታው በአቅራቢያው ባለ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሊናገር ተሰናድቶ ሳለ፥ በጉባኤው የሆነውን ለሚስቱ ሲነግራት በድንገት ወድቆ ሞተ። ሬሳውንም በባቡር ወደ ሮቸስተር ወስደው በዚያ ቀበሩት።